መቶ ሃያ ስድስት የጳጉሜ ቀናት

ሐምሌ 9 ቀን 2017፣ ረቡዕ

የጠዋቱ 18.2 ሚሊ ሜትር። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ።

ከደብረ ማርቆስ ትመጣለች የተባለችው ልጅ መንደራችን ሮብ ገበያ ስትደርስ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሕሊና ትባላለች። ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። የዝናብ መዝገቦቹን ሁሉ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርሁላት። ከ1968 እስከ 1989 ያለው ከእኔ በፊት ዝናብ ይለኩ የነበሩት የመምህር ወልደ ገብርኤል የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከ1990 ወዲህ ያለው የእኔ ነው። ገጽ በገጽ በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

ሥራዋን አስረዳችኝ። የሁለት አገር ድርቀትና ርጥበት ታወዳድራለች፤ የእኛን ደጋና የኬንያን ደጋ። የአንድ ቦታ የብዙ ዓመት አማካይ ዝናብ ይወሰድና እያንዳንዱ ወር ከዚያ ምን ያህል እንደራቀ በቁጥር ይወጣል። ከዜሮ በታች ከሆነ ድርቀት ነው፤ ከዜሮ በላይ ከሆነ ርጥበት። "እንዲህ ሲደረግ ብዙ የሚዘንብለትና ጥቂት የሚዘንብለት አገር በአንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ" አለች። ጥሩ አድርጋ ነው ያስረዳችኝ።

ልትሄድ ስትል መዝገቡን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ "ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ዓመት አምስት ቀን በቀር በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ባዶ ቀን የለዎትም። የኬንያው መዝገብ እኮ እንደ ወንፊት ነው" አለችኝ።

ከሄደች በኋላ ባለቤቴ ደብሪቱ፣ "ምነው ልጅቷ ስታመሰግንህ መሬት መሬት ታያለህ?" አለች።

ከብቶቹን ላስገባ ወጣሁ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

9.4። ሚካኤል ነው። ቅዳሴ ሳልሄድ በፊት ለካሁ። ባለፉት ዓመታትም በበዓላት ቀን ሳልለካ ሄጄ አላውቅም። ይህን መጻፍ ለምን እንዳስፈለገኝ አላውቅም።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

22.0። ሕሊና ደወለች።

"ጋሼ፣ የጳጉሜን ቀናት እያየሁ ነበር። በቅጹ ላይ የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ማለት ነው። በመምህር ወልደ ገብርኤል ዘመን ጳጉሜ ዝናባም ነው። ከእርስዎ ጊዜ ጀምሮ ግን ደረቀ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ ነጥብ ሁለት፣ ዜሮ። ሁለት ዓመት ብቻ አልገጥም አሉኝ። 2012 ላይ 61 ሚሊ ሜትር፣ 2015 ላይ 74። ያኔ መለኪያው ተበላሽቶ ነበር እንዴ?"

"ምናልባት" አልኋት።

"ከጣሪያ ውሃ ገብቶበት ይሆን?"

"ምናልባት።"

"እንግዲያው ሁለቱን አወጣቸዋለሁ። ካልወጡ ሥዕሉን ያበላሹብኛል።"

"እንደመሰለሽ አድርጊ፣ ልጄ።"

መለኪያው የተተከለው ከቤቱ ሃያ ርምጃ ርቆ፣ ሜዳው መካከል ነው። እሷም አጠገቡ ቆማ አይታዋለች። ከገዛ ዓይኗ ይልቅ እኔን አመነች።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

6.8። ቀኑን ሙሉ ጉም። ሥራ ስለሌለ እጽፋለሁ።

ትናንት የተናገርሁት ውሸት አይደለም። ምናልባት ማለት አዎ ማለት አይደለም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። በ1990 ልጄ የኔአለም ኩፍኝ ይዟት ሦስት ቀን ዓይኗን አልገለጠችም። ያን ጊዜ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከተነሣችልኝ በየዓመቱ ጳጉሜን በዲማ ጊዮርጊስ ሱባኤ ገብቼ ላሳልፍ ተሳልሁ። ተነሣች። ዛሬ አማኑኤል ላይ ሱቅ አላት፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። ስለቴን አንድ ዓመት እንኳ በፈቃዴ አላጓደልሁም። ነሐሴ 30 ጠዋት ለክቼ ከቤት እወጣለሁ፤ የምመለሰው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት አምስቱን ቀን ባዶ ተውሁት። ቅጹን ለሜትሮሎጂ ቢሮ ለመላክ ስወስድ የሌሎቹን ጣቢያዎች ወረቀት አየሁ። ሁሉም ሙሉ ነው፤ የእኔ ብቻ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው አፍ ሆኖ ታየኝ። በ1991 ስመለስ ዜሮ ጻፍሁ። ያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች፤ ስድስት ዜሮ። ማንም አልጠየቀኝም። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው። ከጊዜ በኋላ ዜሮ ብቻ እንዳይሆን እዚህም እዚያም ትንሽ ቁጥር ጨመርሁበት። ይህን ለምን እንዳደረግሁ አውቃለሁ፤ አልጽፈውም።

በ2012 በኮሮና ምክንያት ከቤት አልወጣሁም። በ2015 መንገድ ተዘግቶ ቀረሁ። በእነዚህ በሁለቱ ዓመታት በቦታዬ ሆኜ ለካሁ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

31.6። የዚህ ክረምት ትልቁ።

ደብሪቱን እንደ ዋዛ አድርጌ፣ "ዲማ በምሄድበት ጊዜ የመለኪያውን ቁልፍ ምን ታደርጊው ነበር?" አልኋት።

"ምን አደርገዋለሁ፤ ሩፋኤል ዕለት ሴቶቹ ሲመጡ እከፍትላቸዋለሁ።"

"የምን ሴቶች?"

"የሰፈሩ ናቸዋ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል አይደል? የጣሪያው ዝገት አለበት፣ የሜዳው ጭቃ ነው። ከሰማይ ወርዶ ምንም ያልነካው ውሃ ያንተ ጣሳ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ለሊጥም ይወስዱታል፣ ለሕፃን ፊትም። የተረፈውንም ከዚያ ወዲያ የዘነበውንም እደፋዋለሁ፤ አንተ ስትመለስ ንጹሕ ይሁንለት ብዬ።"

"ምን ያህል ይሆን ነበር?"

"ጠበል ይለካል እንዴ? ሞልቶ የሚፈስበት ዓመትም ነበር።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "የምታውቅ መስሎኝ ነበር።"

አላውቅም ነበር፤ ቤት በቀረሁባቸው ሁለት ዓመታት ማንም አልመጣም። ስመለስ ጣሳው ደርቆ አገኘዋለሁ፤ ደርቆ ካገኘሁት ደግሞ አልዘነበም ማለት ነው ብዬ ለራሴ እነግራለሁ። ግን ከዲማ ስመለስ በየዓመቱ ጫማዬ ጭቃ ነበር።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

14.0።

ሕሊና መጣች። ሥራዋን ልትጨርስ ነው፤ ነሐሴ 30 ፈታኞቿ ፊት ትቀርባለች። ደስታዋን ልታካፍለኝ ነው የመጣችው። በዚህ ጭቃ።

በኬንያ አብራት የምትሠራው ልጅ የላከችላትን ገጾች በስልኳ አሳየችኝ። የዚያ ጣቢያ ለኪ ካማው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ባዶ በተውት ቀን ሁሉ አጠገቡ ምክንያቱን ጽፈዋል። ሕሊና እየተረጎመች አነበበችልኝ።

"አልተነበበም። ታምሜ ነበር። አልተነበበም። የባለቤቴ ቀብር። አልተነበበም። ዝሆን አጥሩን ጥሶ ገብቶ። አልተነበበም። ረሳሁት።" እዚህ ላይ ሳቀች። "ረሳሁት ብሎ ይጽፋል እንዴ ሰው? በዚህ ምክንያት ስንት ወር እንደጣልሁ አይጠይቁኝ። ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው እዚያ ቢኖር ኖሮ!"

ስልኩን ተቀብዬ ያቺን መስመር አየኋት። እንግሊዝኛው አጭር ነው፤ ሁለት ቃል። የእጅ ጽሑፋቸው ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ዋናውን ነገረችኝ። "ኬንያ በኩል ድርቀቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ክረምቱ ከጫፉ እየተቆረጠ ነው። የጳጉሜ ስብራት ብዬዋለሁ። እስከ ዛሬ ማንም አላየውም። ሁሉም ከእርስዎ መዝገብ ነው የወጣው። የምስጋናው ገጽ ላይ ስምዎን ከአባቴ ቀጥሎ አስገብቻለሁ።"

በዚያ ሰዓት ልነግራት ነበር። ደብሪቱ ቆሎ ይዛ ገባች። ይህን ምክንያት ማድረግ አይገባኝም፤ ቆሎ አፍ አይዘጋም።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

11.2። ገበያ ወረድሁ።

ጎረቤቴ አበረ ጨው ተራ አገኘኝ። አብረውት ሦስት ሰዎች ነበሩ።

"ጋሽ አስማማው፣ በጳጉሜ አይዘንብም ብሎ የመሰከረ ሰው ተገኘ አሉ።"

"ማን አለህ?"

"የግብርናው ልጅ። አንዲት ተማሪ ነገረችኝ ይላል። ለከርሞ ቶሎ የሚደርስ ገብስ ዝሩ፣ በጳጉሜ በደረቅ ታጭዳላችሁ ይለናል። እኔ አምና በጳጉሜ በሬዬን ከጭቃ በገመድ ጎትቼ ያወጣሁ ሰው! ያጨድሁትን ገብስ እዚያው ጭቃ ላይ ላብቅለው?"

"ሰውዬው ጳጉሜን ቆላ የሚከርም ይሆናላ" አለ አንዱ።

"ወይ ተኝቶ።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው፤ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ጨው ገዝቼ ተመለስሁ። ቤት ጨው አልጎደለም ነበር።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

4.6። ፍልሰታ። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አባ አምደሚካኤልን ይዤ ከዋንዛው ሥር ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

"ሱባኤህን እግዚአብሔር ይቀበለው" አሉ። "ዜሮውን ግን ማን ይቀበለው?"

"ቀኖና ይስጡኝ፣ አባ።"

"ስግደት ባዝዝህ ደስ ይልሃል፤ አውቅሃለሁ፣ ጎበዝ ሰጋጅ ነህ። አልሰጥህም። ሂድና ለልጅቷ ንገራት።"

"ድካሟ ከንቱ ይቀራል። ዲግሪዋም ይበላሻል።"

"አሁን ለእሷ ማሰብ ጀመርህ?"

ነጠላዬን አስተካከልሁ።

"ለእኔ ነግረኸኛል፤ እሷ ግን አልሰማችም። የበደልሃት እሷን ነው" ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

ነሐሴ 13

7.0። አልሄድሁም።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

12.8። ደወልሁላት። ኔትወርክ የለም። ሦስት ጊዜ ሞከርሁ። በሦስተኛው እንደማይሠራ ሳውቅ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ወረደልኝ። ደስ አለኝ ማለት ነው። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

2.2። ፀሐይ ወጥታለች።

መዝገቦቹን ሜዳ አውጥቼ ቆጠርሁ። ከ1991 እስከ 2016፣ ሁለቱ ዓመታት ሲቀነሱ፣ ሃያ አራት ጳጉሜዎች። ስድስቱ ባለ ስድስት ቀን ናቸው። በድምሩ መቶ ሃያ ስድስት ቀን። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ትንሽ ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍሁና ደግሜ አየሁት። ልጅቷ የያዘችው ግኝት በሙሉ ከእነዚህ መቶ ሃያ ስድስት ቀናት የተሠራ ነው።

ሌላም ቆጠርሁ። ልነግራት የምችልባቸው ጊዜያት፦ ሐምሌ 9፣ ሐምሌ 16፣ ነሐሴ 3። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ደግሞ አለ።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

16.4። እሷ ደወለች። ኔትወርኩ ለእሷ ሠራ። አማካሪዋ ሥራሽ ጥሩ ነው፣ በተለይ የጳጉሜው ብሏታል። ድምጿ ይሮጣል። "ይምጡና ይመልከቱኝ፤ ወንበር አስይዝልዎታለሁ" አለችኝ።

"እግዚአብሔር ይርዳሽ" አልሁ።

ዘጋችው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ቆየሁ። ደብሪቱ በር ላይ ቆማ ነበር።

"አልነገርሃትም?"

"አልነገርኋትም።"

"ያ ሁሉ ዓመት እግርህ እስኪላጥ ዲማ የተመላለስህ ሰው፣ ማርቆስ ራቀህ?"

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

10.2 ለክቼ በመጀመሪያው መኪና ወረድሁ።

ሕሊናን ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት አገኘኋት። ስታየኝ ተነሥታ ጎንበስ አለችልኝ። እንዳትነሣ ማለት ነበረብኝ። ሻይ አዘዘችልኝ። መዝገቡን ከጃኬቴ ውስጥ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

"የጳጉሜው ዜሮ ዝናብ ሳይዘንብ ቀርቶ አይደለም፣ ልጄ። እኔ ስላልነበርሁ ነው።"

መጀመሪያ አልገባትም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋት። ስለቱን፣ ዲማን፣ ዜሮውን፣ የጨመርሁትን ትንንሽ ቁጥር። ሳወራ አንዴም አላቋረጠችኝም። ከዚያ የጠየቀችው ያላሰብሁትን ነው።

"2012 እና 2015ስ?"

"እነዚያ እውነት ናቸው። ነበርሁ።"

"እውነተኞቹ እነሱ ብቻ ናቸው?"

"እነሱ ብቻ።"

"በእጄ ያወጣኋቸው።"

ሻዩ እየቀዘቀዘ ነበር። አስተናጋጇ መጥታ ሌላ ነገር እንፈልግ እንደሆነ ጠየቀችን።

"ጋሼ፣ ሱባኤ ገብተው ነው፤ ይህ ይገባኛል። ሰው ነዎት። ሃያ ዓመት የሆነው ነገር ሃያ ዓመት ሆኖታል። ግን በሐምሌ ጠይቄዎት ነበር። ተበላሽቶ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።"

"ጠይቀሽኛል።"

"ምናልባት አሉኝ።"

"አዎ።"

እንባዋ መጣ፤ ግን አላለቀሰችም። ወረቀትና ብዕር አወጣችና ሰጠችኝ። "ለፈታኞቹ ይጻፉልኝ። ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ።" ጻፍሁ። ከ1991 ጀምሮ እያልሁ ዘረዘርሁና በመጨረሻው ላይ "በስሕተት የሞላሁት ስለሆነ" ብዬ ሰጠኋት። አነበበችው። "በስሕተት" የሚለውን ቃል በጣቷ ነካችው።

"አልተሳሳቱም እኮ።"

ሰርዤ "እያወቅሁ" ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁ። የሻዩን ሂሳብ ልከፍል ስል፣ "ተከፍሏል" አለችና ወረቀቱን ይዛ ተነሣች። እስከ በሩ ልሸኝሽ አላልኋትም።

ነሐሴ 26

19.0። ደብሪቱ ምን አለችህ ብላ ጠየቀችኝ። "ምንም" አልኋት። ይህም እውነት አይደለም። ኋላ ነገርኋት።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ጠዋት 8.8።

በሌላ ዓመት ይህን ቀን በመንገድ ላይ ነኝ። ትናንት የስለት ስንቄን ለዲማ በሚሄድ ሰው ላክሁ። ዛሬ ማርቆስ ወርጄ ከአዳራሹ የመጨረሻው ረድፍ ተቀመጥሁ። ወንበር አልተያዘልኝም ነበር፤ ራሴ አገኘሁ።

በስድስት ቀን ውስጥ ሥራዋን ከላይ እስከ ታች ለውጣዋለች። ሁለቱን ዓመታት መልሳለች፤ መቶ ሃያ ስድስቱን ቀናት አውጥታለች። የጳጉሜ ስብራት የሚለው ጠፍቷል። የኬንያውና የእኛ መስመሮች ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ ሲታዩ፣ የኬንያው ብዙ ቦታ እየተቆራረጠ ቢሄድም እስከ መጨረሻው ይደርሳል። የእኛ ሙሉ ሆኖ መጥቶ ጳጉሜ ላይ ሲደርስ ነጭ ነው። "እዚህ ላይ ሁለቱን አገር ማወዳደር አልችልም" አለች።

አንደኛው ፈታኝ መነጽሩን አውልቆ፣ "ይህን ከስድስት ቀን በፊት ነው ያወቅሽው?" አላት።

"አዎ።"

"ለኪውን ቀድመሽ አልጠየቅሽም?"

"ጠይቄ ነበር።"

"ምን አለሽ?"

"ምናልባት።"

ተማሪዎቹ ሳቁ። ፈታኙም ፈገግ አለ። "ምናልባትን ይዘሽ ነው ሁለት ዓመት ያወጣሽው?"

ወደ ኋላ ዞር ብላ ብታየኝ በቂ ነበር። አልዞረችም።

ተነሥቼ፣ "ለኪው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም" አልሁ። ሰው ሁሉ ዞረ።

ሰብሳቢው በትሕትና፣ "ይቀመጡ፣ አባታችን። ጥያቄው ለእሷ ነው" አሉኝ።

ተቀመጥሁ። ልክ ናቸው፤ ጥያቄው ለእኔ የነበረው በሐምሌ ነው።

ውሳኔው ሥራውን ዳግም አዘጋጅታ በኅዳር እንድትቀርብ ነው። ከዚህ ዓመት ተመራቂዎች ጋር አትመረቅም። ከአዳራሹ ስትወጣ እናቷ ይዛላት የመጣችውን አበባ በጋዜጣ መልሳ ትጠቀልል ነበር። ሕሊና አለፈችኝ። ሁለት ርምጃ ሄዳ ቆመች።

"ዘንድሮ ይሄዳሉ?"

"አልሄድም።"

ራሷን ነቀነቀችና ሄደች።

ጳጉሜ 1 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ሌሊት ዘንቧል። ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሜዳው ላይ ነበርሁ። ውሃውን ወደ መስፈሪያው ብርጭቆ ገለበጥሁ፤ በዓይኔ ልክ አድርጌ አነበብሁ። ደግሜ አነበብሁ። 17.4። መዝገቡን እንደያዝሁ ስልኬ ጮኸ።

"ለኩ?" አለች ሕሊና። ጋሼ አላለችም።

"አሁን ለካሁ።"

"ስንት ነው?"

"አሥራ ሰባት ነጥብ አራት።"

ስትጽፍ የብዕሯ ድምፅ ይሰማል።

"አልደፉትም?"

"አልደፋሁትም፤ ብርጭቆው ውስጥ ነው።"

"እንግዲያው ከመድፋትዎ በፊት ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። ቁጥሩ እንዲታይ። አምስቱንም ቀን።"

"እሺ" አልኋት።

ብርጭቆውን የአጥሩ ምሰሶ ላይ አስቀመጥሁት። የመጀመሪያው ፎቶ ደበዘዘ። ሁለተኛውን ላክሁላት።